ሽቦ የዋጠችው ሰባተኛዋ ዛፍ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፦

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ ትምህርቱን እንዴት ይዘውታል? አባባስ፣ ዓይናቸው ያው ነው ወይስ ትንሽ ብርሃን መለየት ጀመሩ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ስል ሰውነቴን ነው።

ደብዳቤዬን ጮክ ብለሽ እንደምታነቢላቸው አውቃለሁ። ወረቀት ሲገለበጥ ከሰሙ «ምን ዘለልሽ?» ስለሚሉ ሁሉንም በአንድ ገጽ አጣብቤ ጽፌዋለሁ። ከታች እስካሰመርኩት ድረስ በሆድሽ አንብቢው። ዝምታሽ ከበዛባቸው ጽሕፈቱ አስቸገረኝ በያቸው፤ የኔን ጽሕፈት እንደሆነ ዶሮ የጫረው ነው ሲሉ ኖረዋል።

ማክሰኞ ለሥራ ከከተማው ዳር ወዳለ አንድ የድሮ ሰፈር ላኩን። የድንጋይ ቤቶች፣ የጣውላ መስኮቶች፣ ሐረግ የወጣበት የብረት አጥር። ዛፎቹ ከመንገዱ በላይ ተቃቅፈዋል፤ በቀትር ከሥራቸው ስናልፍ ፊታችን ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ቤቶቹ «ቅርስ» የሚል ሰሌዳ ስላላቸው አይነኩም። መንገዱ ግን ይሰፋል። ስለዚህ የሚወድቁት ዛፎቹ ናቸው። የኔ ሥራ የሚቆረጡትን ቀይ ቀለም መቀባት ነው።

ቀባሁ። እያፏጨሁ ቀባሁ። ሰባተኛዋ ላይ ቀለሙን ካሳረፍኩ በኋላ ብሩሼን አንድ ነገር ያዘው። ሽቦ። ግንዷ የአጥሩን ብረት ከነሽቦው ውጦታል፤ ጫፉ ብቻ እንደ ጣት ወጥቷል።

ታስታውሻለሽ? አባባ እዚህ ሰፈር አትክልተኛ ሳሉ ሰባተኛዋን ችግኝ ከአጥር ጋር በሽቦ አስረው፣ ሳይፈቱላት ሥራውን ለቀው የመጡት። «አንዷን አንቄ መጣሁ» እያሉ አርባ ዓመት የተብሰለሰሉት። ስለያቸው የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሄደህ እያት»። ሰፈሩን ፈልጌ አጣሁት እንጂ አልረሳሁም፤ ስሙ ተቀይሮ ኖሯል።

በጋዝ በራሰ ጨርቅ ልጠርገው ሞከርኩ። ተስፋፍቶ ቁስል መሰለ። ሜትር ከእጁ ስለማይለይ «ሜትሮ» የምንለው አለቃችን ሳቀ፤ «ምነው፣ ዘመድህ ናት እንዴ?» አለኝ። አዎ አላልኩም። ቀለሙስ ትእዛዝ ነበር። አዎ አለማለቴ ግን የማንም ትእዛዝ አልነበረም።

ለዛፍ ቆራጩ ሽቦውን አሳየሁት። «ብረት የዋጠ ዛፍ መጋዝ ይበላል፤ እሷን መጨረሻ እናደርጋታለን» አለ። ሰኞ ይጀምራሉ። ይህ ሲደርስሽ ሌሎቹ ወድቀው እሷ ብቻዋን ቆማ ይሆናል። አባባ የረሱት ሽቦ ጥቂት ቀን አቆያት።

መደበቄ ልክ ካልመሰለሽ ሁሉንም አንብቢላቸው። አልቀየምሽም። አጠገባቸው ያለሽው አንቺ ነሽ።

————————

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ሰፈሩን አገኘሁት። ሰባተኛዋ አልታነቀችም። ሽቦውን ውጣ አድጋለች፤ ሁለት ሰው ተያይዞ አያቅፋትም። በገዛ እጄ ነክቻታለሁ። አሁንም ይህን የምጽፈው ጥላዋ ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ከእንግዲህ አይብሰልሰሉ።

ባለቤትሽን፣ ደብዳቤ አልጽፍም ብላ ያኮረፈችኝን ትልቋን፣ ጥርሷ የወለቀውን ትንሿን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን አክስታችንን፣ ሁሉንም በየስማቸው ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ
ከሰባተኛዋ ዛፍ ሥር፣ ቅዳሜ ግንቦት 9 ቀን