ሱቅህ መስታወት ላይ የተለጠፈው ቁጥር

ውድ አባዬ፣

«የደም ምርመራ ውጤቴ ደህና ከሆነ ታዲያ ደረጃ መውጣት ለምን ያደክመኛል?» ብለህ ሦስቴ ጠይቀኸኛል። ሦስቴም ስቄ «ዕድሜ ነዋ!» አልኩህ። ዛሬ በዚያ ሳቅ አፍራለሁ።

ደምህን በገዛ እጄ ስቀዳ በላቦራቶሪ ሙያ ከተመረቅኩ ሁለት ወር አልሞላኝም ነበር። ልብ ሲጨናነቅ የሚያመነጨው ሆርሞን አንተ ላይ ዝቅ ብሎ ሲገኝ «የጎረምሳ ልብ ነው ያለህ!» ብዬ ጮህኩ። ወረቀቱን ሱቅህ መስታወት ላይ፣ ከጠገንካቸው ሰዓቶች በላይ ለጠፍከው። ጎረቤትህ ፀጉር አስተካካዩ «በል እንግዲህ አትነቃነቅ፣ ልብህ ዋስትና አለው!» ብሎ ቀለደ። አንተ ግን የምር ያዝከው፤ ከሥራ በእግር መመለሱን እርግፍ አድርገህ ተውክ።

ባለፈው ሳምንት የላቦራቶሪ አለቃዬ የሌላ ታካሚ ውጤት አነሳች። «ሰውየው ወፍራም ነው? ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው? ኢንሱሊኑስ?» አለችኝ።

«ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው እኮ፣ ምን ያሳስባል?»

«እሱ ነዋ የሚያሳስበው! ኪሎ ሲጨምር፣ ኢንሱሊን ሲበዛ፣ ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲውል ይሄ ሆርሞን ዝቅ ሊል ይችላል። ልብ እየደከመም ቁጥሩ ደህና መስሎ ይሸውድሃል።»

ሮጬ ቅጽህን አወጣሁ። ክብደት፦ ባዶ። የዕለት ውሎ፦ ባዶ። የራሴ አባት ምን ይጠየቃል ብዬ ዘልዬዋለሁ! ሐኪሙም «ደህና ነው» ያለው ያንን ቁጥር ብቻ አይቶ ነው። ሠላሳ ዓመት በርጩማ ላይ ጎንበስ ብለህ መዋልህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ስትለኝ ነው ያደግኩት፤ ይኸው፣ ለቀማው ላይ ነኝ።

እሁድ ልነግርህ መጥቼ ነበር። አንተ ወረቀቱን ለደንበኛህ እያሳየህ «ልጄ ነው የሠራው» ስትል ሰዓቴን ፈትቼ ሰጠሁህ። ባትሪውን አስቀይሬ ተመለስኩ። ባትሪው ደህና ነበር።

ልብህ ታሟል እያልኩህ አይደለም፤ አላውቅም። ደህና ነው ያልኩህም ሳላውቅ ነው። ለሐኪሙ ሁሉንም ነግሬዋለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት ለልብ አልትራሳውንድ ይጠብቅሃል። የሐኪም ቤቱን ደረጃ አብረን እንወጣለን፤ አንተ ያረፍክበት ላይ እኔም አርፋለሁ።

ወረቀቱን ከመስታወቱ ላይ ንቀለው። ጀርባው ባዶ ነው፤ «እመጣለሁ» ብለህ ጻፍበትና ላክልኝ። ቁጣህንም ጨምርበት፣ ቦታው ይበቃል።

ጥያቄህን ሦስቴ ሳይሰማ ያለፈው ልጅህ