ስለ ቃሲም ከሥራ መታገድ

ለክቡር ኡስታዝ ሙምታዝ አል-ጊያር
የባሕር ዳርቻ ትዕይንቶች አጽዳቂ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ካይሮ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ለጉልበትዎ ብርታት፣ በተለይም በኮምፒውተር የሠራሁትን ባሕር ባዩ ቁጥር ለሚዞርብዎ ራስዎ ፈጣን ፈውስ እመኛለሁ። እኛ በእስክንድርያ፣ በአንፉሺ ሰፈር የምንኖር ሁሉ ደኅና ነን፤ እውነተኛው ባሕርም እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ እየተንቀሳቀሰ ይገኛል።

ስሜ ራዊያ ሚትወሊ ይባላል። በባሕር ዳርቻው ትዕይንት መክፈቻ በዓል ላይ ለሚታየው አጭር ፊልም ውሃውን በኮምፒውተር የምሠራው እኔ ነኝ። ፊልሙ «መስቱራ» የተባለች የዓሣ ጀልባ በክረምት ማዕበል ተይዛ እንዴት ወደ ወደቡ እንደተመለሰች ይተርካል። ያን ቀን ከተመለሱት ሰዎች መካከል ዛሬ በሕይወት ያሉት አባቴ ሐጅ ሚትወሊ ብቻ ናቸው። አባቴ ሥራዬን ባዩ ቁጥር «አንቺ ልጅ፣ ውሃ ለመነካካት ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው? ቧንቧው መች ተዘጋ?» ሲሉኝ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ግን ንጹሑን ጀላቢያቸውን አስወጥተው፣ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሊያዩልኝ ተዘጋጅተዋል። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ቀላል አይደለም።

ኮሚቴው ለውሃዬ ስላደረገው ማሻሻያ ምስጋናዬ ተዘርዝሮ አያልቅም፤ ዓባይን በጭልፋ እንዲሉ ጥቂቱን ብቻ ላቅርብ።

አንደኛ፣ የማዕበሉን ቁመት «እንግዶችን እንዳያስደነግጥ» ብለው ወደ ዜሮ እንዳወርደው ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ትእዛዝዎን ፈጽሜያለሁ። አሁን በሳህን ላይ እንዳለ ሾርባ በረጋ ውሃ ላይ ስምንት ጎልማሶች በአንዲት ጀልባ ውስጥ ተቃቅፈው ይጮኻሉ፤ ይጸልያሉ፤ አንዱ ራሱን ከምሰሶው ጋር በገመድ ያስራል፤ አባቴ ደግሞ ወደ ጀልባዋ ፈጽሞ ያልገባውን ውሃ በባልዲ እየቀዱ ይደፋሉ። ጎረቤታችን ሲት በሂያ ይህን አይታ «ውይ! እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው? አጭሰው ነው እንዴ?» ብላ ጠይቃኛለች።

ሁለተኛ፣ ማዕበሎቹ በየአቅጣጫው መሄዳቸው ሥርዓት የጎደለው ስለሆነ ሁሉም ከቀኝ ወደ ግራ እንዲፈስሱ ወስነዋል። የክቡርነትዎ ቢሮ ዓባይ ዳር መሆኑን፣ ለእርስዎም ውሃ ማለት በመስኮትዎ ሥር ቀና ሳይል የሚያልፈው መሆኑን እረዳለሁ። ባሕር ግን ምስኪን ነው፤ የሚሄድበት አገር ስለሌለው ሄዶ ሄዶ ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ጠብታዎቹ ከሩቅ እንዲታዩ እንዲተልቁ በማዘዝዎ አንዱ ጠብታ የአባቴን ራስ አክሏል፤ ጀልባዋም ሳፋ ውስጥ የተጣለች የሕፃን መጫወቻ መስላለች። አረፋውም «ቆሻሻ ይመስላል» ተብሎ ስለተከለከለ፣ ሳፋው ሳሙና እንኳ የለውም።

አራተኛው ጉዳይ ቃሲም ነው፤ በእሱ ላይ ትንሽ እንድቆይ ይፍቀዱልኝ።

ከሥራዬ ጋር አያይዤ በላክሁት ማብራሪያ ላይ «የነፋስ ኃይል፦ ቃሲም፤ አረፋ፦ ቃሲም፤ የማዕበል ቁመት፦ ቃሲም» የሚለውን አንብበው፣ በስብሰባ መካከል ጠረጴዛ መትተው «ይሄ ቃሲም የሚባለው ማነው? ሁሉንም የሚያበላሸው እሱ ነው ማለት ነው!» ማለትዎን ሰምቻለሁ። ጸሐፊዎም «የእስክንድርያ ሰው መሆን አለበት ጌታዬ፤ እነሱ እንደሆኑ እንዲህ ናቸው» ብለው አጽናንተውዎታል። በማግስቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ሠራተኛ ቃሲም በፈጠረው ሁከት ከሥራ ታግዷል፤ በአካል ቀርቦ እስኪያስረዳም ድረስ ፊልሙ በጠፍጣፋው ውሃ ይታያል። ከማብራሪያው ግርጌ የጠቀስሁት «መጥረጊያ»ም ለንብረት ክፍል ተመላሽ እንዲሆን ታዟል።

ክቡር ሆይ፣ ቃሲም ሰው አይደለም። ቃሲም ማዕበል ነው። እኛ እዚህ ከኖቬምበር ጀምሮ የሚመጡትን የክረምት ማዕበሎች እንደ ልጆቻችን በስም እንጠራቸዋለን፤ መምጫቸውንም እናውቃለን። «መጥረጊያ»ም ከእነሱ አንዱ ነው፤ የንብረት ክፍሉ ሊረከበው ከፈለገ በሩን ከፍቶ ይጠብቀው።

«መስቱራ»ን የያዛት ቃሲም ነበር። ነፋሱንና ቁመቱን ያስተካከልሁት አባቴን አጠገቤ አስቀምጬ ነው። ማዕበሉን ከፍ ሳደርገው «ጨምሪ» አሉኝ። ስጨምር «ኧረ ጨምሪ፣ ምነው ሰሰትሽ?» አሉኝ። አሁንም ስጨምር የወንበሩን እጀታ ጨብጠው ያዙ። ያን ጊዜ እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ። ክቡርነትዎ ያገዱት ያንን ቃሲም ነው።

የሚከተለውን ያለ ሽሙጥ እላለሁ። እነዚያ ሰዎች የጮኹት የሚያስጮህ ነገር ገጥሟቸው ነው። አባቴን በሰፈሩ ሰው ፊት በረጋ ውሃ ላይ የሚጮኹ ፈሪ አድርጌ ማሳየት ያሳፍረኛል፤ ያመኛልም። ቃሲም ይመለስልኝ። ይህንን ለቢሮዎ ደጋግሜ አስረድቼ ነበር፤ ነገሩ ግን ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ሆነና፣ የመጨረሻው መልስ «ቃሲም ራሱ ይምጣ» የሚል ሆነ።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ እያመሰገንሁ፣ ክቡርነትዎ የማዕበሉን ቁመት ከወሰኑበት ቁጥር ሳልጨምርና ሳልቀንስ፣ በዚያው ልክ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

ራዊያ ሚትወሊ
የታጋጁ ቃሲም የቅርብ አለቃ
አንፉሺ፣ እስክንድርያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስሁ፣ በዓሉ በዲሴምበር መጀመሪያ፣ ከባሕሩ ግንብ ሥር፣ ጣሪያ በሌለበት፣ በነጭ ወንበሮች ላይ እንዲከበር መወሰንዎን አነበብሁ። ለአባቴ ባነብላቸው እንባቸው እስኪወርድ ስቀው «ቀጠሮውን ማን ያዘለት በይ?» አሉኝ። ቃሲም በየዓመቱ የሚመጣው በዚያው ሰሞን ነውና፣ በትእዛዝዎ መሠረት በአካል ቀርቦ ያስረዳል። አባቴ የፊት ወንበራቸውን ለክቡርነትዎ ለቀዋል፤ እሳቸው ከቤታችን በረንዳ ሆነው ያያሉ። ባልዲ ይዘው እንዲመጡ በትሕትና አሳስባለሁ፤ አጠቃቀሙን አባቴ ከላይ ሆነው ጮኽ ብለው ይነግሩዎታል።