በውሃ የተነፋች ፍየል

ልጄ ኢድሪስ፣ አሰላሙ ዐለይኩም፤ አላህ ከክፉ ሁሉ ይጋርድህ። እኛ ደህና ነን፤ ማሽላውም አሽቷል።

ትናንት ቆቦ ገበያ አንዱ ነጋዴ ጨው አልሶ በውሃ የነፋትን ፍየል «ድልብ ናት፣ እታለም!» አለኝ። «ውሃማ ከፈለግሁ ከቧንቧ እቀዳለሁ» አልኩት። የስልክ ላይ ሳቅህም እንደዚያች ፍየል ሆድ የተነፋ ነው። እየሳቅህ አንዱን ጥያቄ ደጋግመህ ጠየቅኸኝ። ልብህ እየደለቀ፣ ሰው የሚከታተልህ እየመሰለህ እንቅልፍ እንዳጣህ አብሮህ የሚኖረው ሰላሁዲን ነግሮኛል። የምታጨሰውን ሀሺሽ «እዚህ ውጭ አገር የተፈቀደ ቅጠል ነው» አልከኝ። አስተናግርም ያልተከለከለ ቅጠል ነው፤ የበላውን ግን ያሳብዳል።

ጎረቤት «ዱዓ አድርጊና ዝም በይ» ይለኛል። ዱዓውን አደርጋለሁ፤ ዝም ግን አልልም። ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ሁሉንም ንገረው። አላህ ያሽርህ። ሳታጨስ ደውልልኝ፤ ባትስቅም ግድ የለኝም።

እናትህ ዘሊካ