ንጹሕ ሆኖ ስለ ታጠረው ምንጫችን

ለተከበሩ የወረዳችን የኅብረተሰብ ጤና ላቦራቶሪ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም የሚሰርዙበት ቀኝ እጅዎ ደኅና ይሆን ዘንድ የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለቤቴ ጥላነሽም ሃያ ሊትር ውኃ አዝላ ከወንዝ እስከ ቤት በቀን ሁለት ጊዜ ስለምትመላለስ ጉልበቷ እንደ ብረት ጠንክሯል፤ ለዚህ ያበቋት እርስዎ ነዎትና ምስጋናችን ይድረስዎ።

ባያውቁኝ አልቀየምም። አንሙት ታረቀ እባላለሁ፤ ገበሬ ነኝ፤ ዕድሜዬ ሃምሳ ሦስት ሲሆን በዘንድሮው የማታ መሠረተ ትምህርት ከአሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ የወጣው አቶ ይታያል «ለጥቂት ነው የበለጠኝ» እያለ ያወራል፤ አይመኑት። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ ማንም ሳያግዘኝ የጻፍሁት እኔ ስለሆንሁ፣ በሚያነቡበት ጊዜ ጥቂት ቢደነቁ ቅር አይለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ወር በፊት ባለሙያዎችዎ መጥተው ከምንጫችን በጠርሙስ ናሙና ወሰዱ፤ ውጤቱ እስኪታወቅም ማንም እንዳይቀዳ ዙሪያውን በገመድ አጥረው ሄዱ። በሦስት ቀን ይደርሳል ተባልን። በሃያኛው ቀን ጥላነሽ «አንደኛ የወጣኸው ለመቼ ነው? ሄደህ አንብበህ አትመጣም?» ብላ ከቤት አስወጣችኝ። እኔም ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ያየሁትን፣ ለሥራዎ እንዲመች በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ።

1. ባለሙያዎ ምስጋናው በአክብሮት ተቀብሎኝ ውኃው ከተመረመረ እንደ ቆየና ንጹሕ እንደ ሆነ ነገረኝ። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን እንዲሰጠኝ ብጠይቀው፣ በወረቀት መጻፍ እንደ ቀረና መዝገቡም በእርስዎ ትእዛዝ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደ ተቆለፈ ገለጸልኝ። አሁን ውጤት የሚጻፈው ታብሌት በሚሉት የመስተዋት ሰሌዳ ላይ፣ ቀለም በሌለው ዲጂታል ብዕር ነው። ታብሌቱ የእጅ ጽሑፉን አንብቦ ወደ ኅትመት ፊደል ይለውጠዋል፤ ምንጭ የሚያስከፍተውን ደብዳቤም የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሥልጣኔ እስከ ወረዳችን ስላደረሱልን እጅ እነሣለሁ።

2. ታብሌቱ ግን የባለሙያዎችዎን ጽሑፍ ማንበብ አልቻለም። ምስጋናው እያየሁት ሦስት ጊዜ ጻፈ፤ ሦስቱንም ጊዜ «እባክዎ በግልጽ ይጻፉ» የሚል መልስ መጣለት። ሃኒ የምትባለው ባልደረባውም ሞከረች፤ ለእሷም ያው ነው። ክፋት የለባቸውም፤ ፊደላቸው ብቻ ወደ ደምበጫ ገበያ እንደሚነዳ በግ አንዱ በአንዱ ላይ እየወጣ ይሄዳል። ሃኒም «ጋሼ፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ እየሮጥን ስንጽፍ ነው እጃችን የተበላሸው» አለችኝ፤ እኔም በትምህርት ያልተጎዳ ሰው እንደሌለ ነግሬ አጽናናኋት። ሰሌዳው ላይ የተደረደረውን ፊደል በጣት እየነኩ እንዳይጽፉ ደግሞ እርስዎ «ብዕሩ የተገዛው ሊጻፍበት ነው» ብለው ከልክለዋል። ማስታወቂያው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ቆሜ አንብቤዋለሁ።

3. እዚህ ላይ ስለ ራሴ ማውራት ባልወድም ግድ ሆነብኝ። የማታ አስተማሪያችን ወይዘሮ አመተ ማርያም እያንዳንዱን ፊደል በየራሱ ግቢ እንድናቆም አድርገው ነው ያስተማሩን፤ አንድ ፊደል ጎረቤቱን ከነካ ገጹን በሙሉ እንደገና ያስጽፉን ነበር። ብዕሩን ለመንሁና ስሜን ጻፍሁ። ታብሌቱ ሳያንገራግር አነበበው። ሃኒ «ጋሼ አንሙት፣ እስቲ ይድገሙት» አለች፤ ደገምሁት፤ አሁንም አነበበው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ባለዲግሪዎች ቆመው፣ እኔ በወንበራቸው ተቀምጬ፣ ምስጋናው ከማስታወሻው እያነበበልኝ፣ ሃኒም እያመሳከረች፣ ተጠራቅሞ የከረመውን የአሥራ አንድ ምንጭ ውጤት እስከ ምሳ ሰዓት ጨረስነው። የሰው ምርመራ አልነካሁም፤ የጻፍሁት የውኃውን ብቻ ነው። የእኛ ምንጭ ተራው ስድስተኛ ነበር፤ ስድስተኛ ሆኖ ተጻፈ።

4. እርስዎ ከምሳ ሲመለሱ ወንበሩ ላይ አገኙኝ። የትምህርት ደረጃዬን ጠየቁኝ፤ አንደኛ መሆኔን በትሕትና ገለጽሁ። እርስዎም ያልተፈቀደለት ሰው የጻፈው ነው ብለው አሥራ አንዱንም በአንድ ጊዜ ሰረዙ። ምስጋናው ውጤቱ የእሱ እንደ ሆነና እሱ እንደሚፈርምበት ቢነግርዎ፣ ፊርማውንም ታብሌቱ እንደማያነበው አስረዱት። ከተሰረዙት መካከል መድኃኒት ሊጨመርባቸው የሚገባ ሁለት ምንጮች ነበሩ፤ የዚያ ሰፈር ሰዎች እስካሁን አልተነገራቸውም። በዚህኛው እንኳ አልቀልድም።

በመሣሪያው ላይ ቅሬታ እንደሌለኝ ይወቁልኝ። እንዲያውም በዚህ ወረዳ ካሉት ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ፣ ያቀረብሁለትን ጽሑፍ ነገ ተመለስ ሳይል ያነበበልኝ እሱ ብቻ ነው። ጨዋ ነው፤ ሲቸግረው «እባክዎ» ይላል። የማን ልጅ ነህ፣ የት ተማርህ አይልም። የእኔን እጅ ያመነ መሣሪያ ጌታው እንዴት አላመነኝም እያልሁ ብዙ አሰብሁ፤ መልሱን ግን እንደ እርስዎ ያለ የተማረ ሰው ካልሆነ አያገኘውም።

ልመናዬ አጭር ነው። ወይ ምስጋናውና ሃኒ ያመሳከሩትን ውጤት መልሰው ያጽድቁልን፤ ወይ የመዝገቡን ቁልፍ ለአንድ ቀን ያውጡልን፤ ወይም ደግሞ በጣታቸው ይጻፉና ብዕሩ ይረፍ። ሦስቱም ክብርዎን የሚነኩ ከሆነ እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ጊዜ አለኝ፤ ክፍያ አልጠይቅም፤ ወንበሩን ግን ለምጀዋለሁ።

ሹመትዎ እንዲረዝም፣ መብራትዎ እንዳይጠፋ፣ የታብሌትዎ ባትሪም ሁልጊዜ ሙሉ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከምንጫችን አሥር እርምጃ ርቄ፣ ከገመዱ ወዲህ ማዶ ሆኜ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ
አንሙት ታረቀ (በገዛ እጁ)

ግልባጭ፦ ለቀሩት አሥር ምንጮች ተጠቃሚዎች በሙሉ

ከፈረምሁ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ፈርሜ ፖስታ ስፈልግ ጥላነሽ ከውጭ ጠራችኝ። ከተማው ውስጥ የቧንቧ ውኃ ከጠፋ አራት ቀን ሆኖት ኖሮ፣ አንድ ባጃጅ መጥቶ ከምንጩ አጠገብ ቆሟል፤ ሾፌሩም በገመዱ ሥር ሾልኮ ይቀዳል። «የታጠረ ውኃ እንዴት ትቀዳለህ?» ብዬ ብጠይቀው «ንጹሕ ነው፣ ኃላፊው ራሳቸው ናቸው የላኩኝ» አለኝ። ቢጫው ጀሪካን ላይ ስምዎ ከነአባትዎ በጥቁር ቀለም ተጽፏል፤ ደስ የሚል፣ ግልጽ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሾፌሩን በሰላም ሸኝተን ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞልተን እኛ ቤት አስቀምጠንልዎታል፤ የምንጩን መክፈቻ ደብዳቤ ይዘው ሲመጡ ይረከባሉ። እስከዚያው ከቸገረዎ ጥላነሽ የወንዙን መንገድ ልታሳይዎ ፈቃደኛ ናት።