ነፋስ የማይደርስበት ጥግ

አልማ አታ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ጥር 1974 ዓ.ም.

ሸጊቱዬ፣ በሕይወት አለሁ።

ትናንት ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ተራራ ወጣን። ጣና ላይ ነፋስ ሲነሣ ታንኳ ከደሴት ጥግ ትጠለላለች አይደል? እኔም ነፋሱ ሲበረታብኝ ጸጥ ወዳለው የተራራው ጥግ ገባሁ። ለካ ነፋሱ በረዶውን ጠርጎ የሚከምረው እዚያ ኖሯል! እግሬን ባሳርፍ ተራራው ከሥሬ «እህ» ብሎ ተነፈሰ፤ ስንጥቅም ከጫማዬ ጫፍ ተነሥቶ ሽቅብ ሮጠ።

መሪያችን ኑርላን በሹክሹክታ «በረገጥሽበት እየረገጥሽ ተመለሺ» አለኝ። ተመልሼ ዳር ያለውን ቋጥኝ እንደያዝሁ ሜዳ የሚያህል በረዶ ኮሽ ሳይል ተንሸራቶ ገደል ገባ። ጩኸቱን የሰማነው ከዓይናችን ከጠፋ በኋላ ነው። ማንም አልተጎዳም።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ልጅሽን አዘዘን ሳሚልኝ። እናቴ ከጠየቁሽ «በረዶው ያምራል ብላለች» በያቸው።

ፀሐይወርቅ