ሁልጊዜ አረንጓዴ ስለሚበራው ሰሌዳዎ

ለተከበሩ የሐይቅ ዳር ሬዲዮ ጣቢያ ዳይሬክተር፣ ለአቶ ኤድዊን ንያንግዌሶ
ኪሱሙ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ ቢሮዎ ውስጥ እንደተሰቀለው የማሽኖች ሁኔታ ማሳያ ሰሌዳ ሁልጊዜ አረንጓዴ እንዲሆን፣ የሐኪምዎ ምርመራ ግን ከሰሌዳው ይልቅ እውነተኛ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ዛብሎን ኦጉታ፣ ኮምፒውተርን ያለ አስተማሪ የተማርሁ፣ የጣቢያዎን የድምፅ ማኅደር እስከ ጡረታዬ የጠበቅሁ ሰው ነኝ። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ፔሬስ በዱንጋ ዓሣ አጥማጆች መንደር እየዞረች የቀዳችው የለቅሶ ዜማ ሁሉ፣ የራሷም ድምፅ ጭምር፣ በዚያ ማኅደር ነበረ። ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ማኅደሩን ወደ መጠባበቂያ ዲስክ የሚገለብጠውን፣ ከዚያም ቦታ ለማስለቀቅ ዋናውን የሚሰርዘውን ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽመውን የትእዛዝ ዝርዝር፣ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። እንደሚያውቁት፣ ወይም እንደማያውቁት፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ ሲያበቃ አንድ ቁጥር ትቶ ይወጣል፤ ዜሮ ከሆነ ሥራው ተሳክቷል፣ ሌላ ከሆነ ወድቋል። የእኔ ስክሪፕት ያን ቁጥር ሳያይ ወደ ቀጣዩ መስመር አይሻገርም ነበር፤ ግልበጣው ከወደቀ ይቆማል፣ ምንም አይሰርዝም፣ ሰሌዳዎንም ቀይ ያበራል። ይህ ነውረኛ ጠባዩ የመሥሪያ ቤቱን የሥራ አፈጻጸም ነጥብ እንደሚቀንስ ዘግይቼ ተረዳሁ።

ሁለተኛ፤ የቴክኒክ ኃላፊዎ አቶ ኬቪን ኦሙጋ ስላደረጉት ማሻሻያ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በየመስመሩ ጫፍ «ቢወድቅም እንደተሳካ ቁጠረው» የሚል ማርከሻ ጨመሩበት። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ምዜ፣ የኔ ሽማግሌ ደግሞ! ቀይ መብራት እኮ እንግዳ ያስደነግጣል፤ ይኸው አሁን ሰላም ሆነ። አርፈው ቤትዎ ይግቡና ኦሜና ዓሣዎን ይብሉ» አሉኝ። ባለፈው ሰሞን የመጠባበቂያው ዲስክ ገመድ ተነቀለ። ግልበጣው ወደቀ፤ ተሳካ ተባለ። ስክሪፕቱም በፍጹም ታዛዥነት ዋናውን ሰረዘ፤ ሰሌዳው አረንጓዴ በራ።

ሦስተኛ፤ የተሰረዘ ድምፅ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ከዲስኩ ሊመለስ ስለሚችል፣ ማኅደሩ ያለበት ማሽን ቶሎ እንዲዘጋ ለመንሁ። የአቤቱታ ክፍልዎ የብልሽቱን ቁጥር እንዳመጣ አዘዘኝ። ዜሮ ነው አልሁ። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «ዜሮ ከሆነ ታዲያ ምኑ ተበላሸ፣ ባባ? ቀጣይ!» አለች። እኔ በር ላይ ቆሜ ሳስረዳ፣ የዕለቱ የኳስ ዘገባ በሚስቴ ድምፅ ላይ እየተጻፈ ነበር።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማርከሻውን ያንሡ፤ የወደቀ ነገር መውደቁን ይናገር።

ለሰሌዳዎ ቀለም ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በድጋሚ እየገለጽሁ፣ የወደቀውን ወድቋል ከማለት እስከ ዕለተ ሞቱ የማይመለስ አገልጋይዎ፣

ዛብሎን ኦጉታ

ማስታወሻ፦ ጡረታ ስወጣ የማሽን ክፍሉን ቁልፍ የተረከበኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የማኅደሩ ዲስክ ከሰኞ ጀምሮ ያለው እኔ ቤት ነው፤ ከፔሬስ ዜማዎች ጥቂቱን አውጥቻለሁ፣ የቀረውን እየፈለግሁ ነው። ፖሊስ መላክ መብትዎ ነው። ነገር ግን ክሱን ከመጻፍዎ በፊት ቀና ብለው ሰሌዳዎን ይመልከቱ፤ ዲስክ የሌለው ማሽንዎ ዛሬ ጠዋትም ማኅደሩን በተሳካ ሁኔታ ገልብጧል።