ባዶው ክኒን

ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። የጎረቤታችን ድመት አሁንም አንቺ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው።

አባትሽ ጉልበቱን አሞት የስፌት መኪናውን መርገጥ አቅቶት ነበር። ሱቁን ልዝጋው እያለ ሲያስፈራራኝ የጤና ጣቢያው ሐኪም ክኒን ሰጠችው። አልደበቀችውም፤ «አባባ፣ ይሄ ምንም መድኃኒት የለበትም። ግን ጠዋትና ማታ ሰዓት ጠብቀው ይውሰዱት፤ እያወቁም ወስደው ሕመሙ የቀለላቸው አሉ» አለችው።

«ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ብሎ አሾፈባት።

ሰዓቱ ሲደርስ ውኃ ይዤለት አጠገቡ እቀመጣለሁ። እስኪውጠው ድረስ ስለ ጉልበቱ እጠይቀዋለሁ። ድሮ መቼ ጠይቄው አውቃለሁ? በአራተኛው ሳምንት ወጥ ቤት ቆሜ ሳለሁ የስፌት መኪናው ድምፅ ከታች ከሱቁ ተሰማኝ። እብጠቱ እንዳለ ነው፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ይሰፋል።

እኔን ደግሞ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ለሐኪሟ አልነገርኳትም፤ መድኃኒቴን አውቀዋለሁ። የሰው ፍቅር ይስጥሽ፣ በሰላም ያገናኘን። እሑድ እሑድ ሰዓት ሳታዛንፊ ደውዪልኝ። የምትነግሪኝ ባይኖርሽም ግድ የለም፤ ባዶውም ይሠራል።

እናትሽ